የኩዌሪ መዘግየትና የዳታቤዝ አያያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት መጋዘኖች፣ የጅምላ መደብሮችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት ውስጥ ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ ቤቶች ያላቸው አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዩፒኤስና የሒሳብ ሥራውንም የኮምፒውተር ጥገናውንም ደርቦ የሚይዝ አንድ ሰው ስለሆነ፣ መልሶቹ የተጻፉት ያን ሰው በማሰብ ነው። ኩዌሪ የምንለው ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ የሚያቀርበውን ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ነው። ምሳሌዎቹ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ የተመሠረቱ ሲሆን ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላው ፕሮግራም የሚለይበት ቦታ ላይ ልዩነቱ ተጠቁሟል።

ሲስተሙ ሲተከል ፈጣን ነበር። ምንም ሳንነካው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዴት ተንቀራፈፈ?

ፕሮግራሙ ባይነካም ዳታው አድጓል። የሽያጭ ሠንጠረዡ 5,000 ረድፍ ብቻ በነበረው ጊዜ አንድ ደረሰኝ ለማግኘት ሁሉንም ረድፍ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ማንም የማያስተውለው ሥራ ነበር፤ ሠንጠረዡ 2 ሚሊዮን ረድፍ ሲደርስ ግን ያው ንባብ ገንዘብ ተቀባይዋን መስኮቷ ፊት ከተሰለፈው ደንበኛ ጋር ያፋጥጣታል። ጉድለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ፤ ሸፍኖት የቆየው የዳታው ማነስ ነው።

በዚህ ጊዜ በብዛት የሚወሰደው እርምጃ ፕሮፎርማ ሰብስቦ አዲስ ሰርቨር መግዛት ነው። እጥፍ የሚፈጥን ማሽን 14 ሰከንድ የሚፈጀውን ሥራ 7 ሰከንድ ያደርገዋል፤ ተገቢው ኢንዴክስ፣ ማለትም የተፈለገው ረድፍ ቶሎ የሚገኝበት የተደረደረ ማውጫ፣ ግን ያንኑ ሥራ ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ይቆይና ልኬቱ ይቅደም።

የሚያዘገየው የትኛው ኩዌሪ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ሠራተኞች «ሲስተሙ ተኝቷል» ከማለት ያለፈ ነገር ሊነግሩን አይችሉም፤ ሊጠበቅባቸውም አይገባም። ሁለት መሣሪያዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው «ሎግ ሚን ዱሬሽን ስቴትመንት» የተባለው ማስተካከያ ነው፤ ሲተከል ተዘግቶ ስለሚመጣ 500 ሚሊሰከንድ ተብሎ ቢከፈት ከዚያ በላይ የፈጀ ኩዌሪ ሁሉ ከነጽሑፉ ሎጉ ላይ ይሰፍራል። በማይኤስኪውኤል አቻው «ስሎው ኩዌሪ ሎግ» ሲሆን፣ የመነሻ ገደቡ 10 ሰከንድ በመሆኑ ዝቅ ካልተደረገ በስተቀር አብዛኛው መዘግየት ሳይመዘገብ ያልፋል።

ሁለተኛው «ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ» የተባለው ኤክስቴንሽን ነው። እያንዳንዱ ኩዌሪ ስንት ጊዜ እንደተጠራና በድምሩ ምን ያህል ጊዜ እንደበላ ይመዘግባል። እዚህ ላይ ዓይን መጣል ያለበት በአማካዩ ላይ ሳይሆን በድምሩ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ በቀን አንድ ጊዜ የሚያወጣው ሪፖርት 14 ሰከንድ ስለሚፈጅ ሁሉም ሰው ያማርረዋል፤ በአንጻሩ የዕቃ ዋጋ የሚያመጣው ኩዌሪ 80 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ ማንም አያነሣውም። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው በቀን 60,000 ጊዜ የሚጠራ ከሆነ በድምሩ 4,800 ሰከንድ፣ ማለትም 80 ደቂቃ የሰርቨሩን ጉልበት ይወስዳል። መጀመር ያለበት ከእሱ ነው።

ኤክስፕሌን የሚያወጣውን ጽሑፍ እንዴት እናንብበው?

«ኤክስፕሌን» ብቻ ሲባል ዳታቤዙ ሊሠራ ያሰበውን ዕቅድ ያሳያል፤ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ሲባል ደግሞ ኩዌሪውን በእርግጥ ያስኬድና የታሰበውን ከሆነው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በእርግጥ ያስኬዳል የሚለው ቃል ሊሠመርበት ይገባል፤ «ዴሊት» ወይም «አፕዴት» ፊት ላይ ከተጻፈ ረድፎቹ በትክክል ይሰረዛሉ ወይም ይለወጣሉ። እንዲህ ያለውን በ«ቢጊን» ከፍቶ በ«ሮልባክ» መመለስ ያስፈልጋል።

ከጽሑፉ ውስጥ ቀድሞ መታየት ያለበት ግምቱና እውነቱ የተራራቁበት መስመር ነው። ቃሊቲ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ቤት የደንበኛ ቀሪ ዕዳ ለማየት 11 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር። ዕቅዱ ሲታይ ዳታቤዙ ከሽያጭ ሠንጠረዡ 1 ረድፍ ብቻ እንደሚመጣ ገምቷል፤ የመጣው ግን 48,000 ነበር። አንድ ረድፍ ብቻ ይመጣል ብሎ ስላሰበ «ኔስትድ ሉፕ» መረጠ፤ በመሆኑም ለ48,000ው ረድፍ በየተራ ወደ ሌላው ሠንጠረዥ እየተመላለሰ ፈለገ። ግምቱ የተሳሳተው ቀደም ሲል በኤክሴል ይያዝ የነበረው የአሮጌ ዕዳ መዝገብ በአንድ ሌሊት ወደ ዳታቤዙ ስለተጫነና ዳታቤዙ ለግምት የሚጠቀምበት የሠንጠረዡ መረጃ (ስታቲስቲክስ) ገና ስላልታደሰ ነው። «አናላይዝ» የሚለው ትእዛዝ በሠንጠረዡ ላይ ሲካሄድ ዕቅዱ አንዱን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ አንብቦ ሜሞሪ ላይ በመያዝ ወደሚያገናኘው «ሃሽ ጆይን» ተቀየረና ጊዜው ከአንድ ሰከንድ በታች ወረደ። አንድም የኮድ መስመር አልተለወጠም። ከጅምላ ጭነት በኋላ «አናላይዝ» ማካሄድ የጭነቱ ሥራ አካል ተደርጎ ቢያዝ ይህን መሰል ድካም ይቀራል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ አንባቢን ያሳስታሉ። አንደኛው «ሉፕስ» የሚለው ቁጥር ነው፤ አጠገቡ የተጻፈው ጊዜ የአንዱ ዙር አማካይ ስለሆነ 0.2 ሚሊሰከንድ ትንሽ ቢመስልም በ48,000 ዙር ሲባዛ 9.6 ሰከንድ ይሆናል። ሌላው «ሴክ ስካን» የሚለው ቃል በታየ ቁጥር መደንገጥ ነው። ጥቂት መቶ ረድፍ ያለውን የቅርንጫፎች ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ከኢንዴክሱ ይልቅ ይቀላል፤ ዳታቤዙም ይህን አውቆ ነው የመረጠው። «ሴክ ስካን» የሚያሳስበው ከሥሩ «ሮውስ ሪሙቭድ ባይ ፊልተር» የሚለው ቁጥር በሚሊዮን ሲቆጠርና የተረፈው ረድፍ በጣት የሚቆጠር ሲሆን ነው።

ታዲያ በሁሉም ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ብንሠራ አይሻልም?

አይሻልም። አንድ የጤና ጣቢያ የካርድ ክፍልን እናስብ። ካርዶቹ በቁጥር ተደርድረዋል፤ ቁጥሩን ለጠፋበት ታካሚ ደግሞ ሠራተኛዋ በስም የተደረደረ መዝገብ ይዛለች። ያ መዝገብ ኢንዴክስ ነው። አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር ካርዱም መዝገቡም ይጻፋል፤ በቀበሌ፣ በዕድሜ፣ በስልክ ቁጥርና በመሳሰሉት የተደረደሩ ሌሎች አምስት መዝገቦች ቢኖሯት አንድ ታካሚ ለማስገባት ሰባት ቦታ መጻፍ ይኖርባት ነበር። ሽያጭ ያለማቋረጥ የሚገባበት ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው።

በሁለትና ከዚያ በላይ ዓምዶች ላይ የሚሠራ ኢንዴክስ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የካርድ ክፍሏ መዝገብ በስም፣ ከዚያም በአባት ስም የተደረደረ ቢሆን «ከበደ» ብለን ስንመጣ ከበዴዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ እናገኛቸዋለን፤ «ከበደ ተሰማ» ካልን ደግሞ ፍለጋው ይበልጥ ይጠባል። የአባቱ ስም ተሰማ መሆኑን ብቻ ይዘን ከመጣን ግን ተሰማዎቹ በየገጹ ስለተበተኑ ከማገላበጥ በቀር መፍትሔ የለም። በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ በእኩል ምልክት የሚጠየቀው ዓምድ፣ ለምሳሌ የቅርንጫፉ መለያ፣ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ከዚህ እስከዚያ ተብሎ የሚጠየቀው ቀን ይከተላል።

አንድ በብዛት የሚረሳ ነገር አለ፦ ፖስትግሬስኪውኤል «ፎሬን ኪይ» (የአንዱ ሠንጠረዥ ዓምድ ወደ ሌላው ሠንጠረዥ የሚያመለክትበት ደንብ) ሲታወጅ በሚያመለክተው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ በራሱ አይሠራም፤ ኢኖዲቢ የተባለው የማይኤስኪውኤል የማከማቻ ክፍል ግን ይሠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወሩ ቤቶች «ከተዛወርን ወዲህ ዘገየ» ብለው ሲያማርሩ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።

በሥራ ሰዓት ኢንዴክስ ሲሠራ «ኮንከረንትሊ» የሚለውን ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ኢንዴክሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሠንጠረዡ ላይ ሽያጭ መመዝገብ አይቻልም። በመሀል ከተቋረጠ ግን የማይሠራ ኢንዴክስ ትቶ ስለሚሄድ እሱን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ግድ ነው።

ቀን የምንመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ይህ ፍጥነቱን ይጎዳል?

የሚጎዳው አመዘጋገቡ ነው። ቀኑን «03/01/2017» ብሎ እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ እንዲህ የተቀመጠ ቀን ሲደረደር የየወሩ 1ኛ ቀኖች ሁሉ አንድ ላይ፣ 2ኛ ቀኖችም አንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚህ እስከዚህ ብሎ መጠየቅም ትርጉም ያጣል። ሌሎች ደግሞ የኢትዮጵያውን ቀን «ዴት» በተባለው ዓይነት ውስጥ በቀጥታ ይከታሉ። ይህ እስከ ጥቅምት 29 ድረስ እንኳ በወጉ አያዘልቅም፤ ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 ተጻፈ ብሎ ጥቅምት 30ን ይመልሳል፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር በመሆኗ ከነጭራሹ አይቀበላትም። አንድ ገንዘብ ያዥ የጳጉሜን ደረሰኞችን ሁሉ በነሐሴ 30 እያስገባ ይሠራ እንደነበር የታወቀው የዓመቱ ሒሳብ ሲመረመር ነው።

ትክክለኛው መንገድ በዳታቤዙ ውስጥ የጎርጎርዮሱን ቀን በ«ዴት» ወይም በ«ታይምስታምፕ» ዓይነት ማስቀመጥና መቀየሩን በማያ ገጹ ላይ ማከናወን ነው። ይህን ያደረጉ ቤቶችም ግን ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ፦ የመቀየሪያውን ፈንክሽን ዓምዱ ላይ ይጠቀሙበታል። «የሽያጩ ቀን ወደ ኢትዮጵያ ሲቀየር በጀት ዓመቱ 2017 የሆነውን አምጣ» ሲባል ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ ካልቀየረ መልሱን ማወቅ ስለማይችል በቀኑ ላይ የተሠራው ኢንዴክስ ሥራ ፈት ይሆናል። መቀየር ያለበት ዓምዱ ሳይሆን የምንፈልገው ድንበር ነው። የ2017 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2016 ይጀምራል፤ ይህም ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ኩዌሪው «ከ2024 ጁላይ 8 ጀምሮ ከ2025 ጁላይ 8 በፊት» ተብሎ ይጻፋል። ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ይህ ቀላል ነው፤ መስከረም 1 ግን ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ማግስት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል ድንበሩን በፕሮግራም ማስላት ይሻላል።

የደንበኛ ስም ስንፈልግ አንዳንዱ አይገኝም፤ ሲገኝም ይዘገያል። ምን እናድርግ?

ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። የዩኒኮድ መደበኛ ከ1999 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ችግሩን ለማለፍ ብዙዎች በፍለጋው ከፊትም ከኋላም የመቶኛ ምልክት ይጨምራሉ፤ በፊት የተቀመጠ የመቶኛ ምልክት ግን የመነሻ ፊደሉን ስለሚደብቅ ተራው ኢንዴክስ አይረዳውም፤ ሠንጠረዡም በሙሉ ይነበባል።

የሚበጀው ድምፃቸው የሚመሳሰሉትን ፊደላት ወደ አንድ ማጠፍ ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው ሲታጠፉ 35 ፊደል ይሆናሉ፤ ሃ ወደ ሀ እና ኣ ወደ አ ሲጨመሩ ዲቃላዎቹን ሳይቆጥር 37። ፖስትግሬስኪውኤል «ትራንስሌት» የተባለ ፈንክሽን ስላለው በዚያው ፈንክሽን ላይ ኢንዴክስ መሥራት ይቻላል፤ ፍለጋውም የተጠየቀውን ስም በዚሁ አጥፎ ይፈልጋል። በቃሉ መነሻ ለመፈለግ ኢንዴክሱ «ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» ተብሎ ቢሠራ የተሻለ ነው፤ ዳታቤዙ «ሲ» (C) ከተባለው ውጭ በሌላ የቋንቋ ቅንብር ከተፈጠረ ተራው ኢንዴክስ ለ«ላይክ» አያገለግልምና። ማይኤስኪውኤል ይህ ፈንክሽን ስለሌለው የታጠፈውን ስም በፕሮግራሙ በኩል ሌላ ዓምድ ላይ መሙላት ይቀላል።

የሰውየው ስም ራሱ ግን እንደ ጻፈው ይቀመጥ። ፀሐይ ብላ የፈረመችውን ደንበኛ ጸሀይ ብሎ ደረሰኝ ላይ ማተም ቅሬታ ያስነሣል፤ ቅሬታዋም ተገቢ ነው።

ዋናው ቢሮ ውስጥ ፈጣን ሆኖ ለገጣፎ ቅርንጫፍ ላይ የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?

ኢንተርኔቱን ከመውቀስ በፊት ገጹ ሲከፈት ስንት ኩዌሪ እንደሚላክ ይቆጠር። 300 ደንበኞችን የሚዘረዝር ገጽ ዝርዝሩን በአንድ ኩዌሪ አምጥቶ የእያንዳንዱን ዕዳ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ 301 ጊዜ ይመላለሳል። ሰርቨሩ አጠገብ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ አይታወቅም፤ ከቅርንጫፉ ግን አንዱ 40 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ገጹ እስኪከፈት 12 ሰከንድ ይሄዳል። ሁለቱን በ«ጆይን» አንድ አድርጎ መጠየቅ ምልልሱን ወደ አንድ ያወርደዋል።

በምሳ ሰዓት ሲስተሙ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከምሳ በኋላ በራሱ ይመለሳል። ምን ነክቶት ነው?

አንድ ሰው ትራንዛክሽን፣ ማለትም አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚመለሱ ለውጦች ጥቅል፣ ከፍቶ ምሳ ወጥቷል። ፕሮግራሙ የሽያጭ ፎርሙ ሲከፈት የዕቃውን ረድፍ ቆልፎ ፎርሙ እስኪዘጋ የሚጠብቅ ሆኖ ከተሠራ፣ ያንኑ ዕቃ ሊሸጥ የመጣ ሌላ ሠራተኛ ይቆማል፤ ከእሱ ኋላ ያለውም ይቆማል። በሥራ ላይ ያሉትን ግንኙነቶች የሚዘረዝረው «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» ሲታይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል መስመር ይገኛል፤ «ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ» ደግሞ ማን ማንን እንዳገደ ይናገራል። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት» 5 ደቂቃ ቢደረግ እንዲህ ያለው ግንኙነት በራሱ ይቋረጣል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ትራንዛክሽኑ የሚከፈተው «መዝግብ» የሚለው ሲጫን ብቻ እንዲሆን ፕሮግራሙን ማስተካከል ነው።

ብዙ አሮጌ መዝገብ ሰርዘን ሃርድ ዲስኩ ለምን አልቀለለም?

የተሰረዘ ረድፍ ወዲያው አይጠፋም፤ ምልክት ተደርጎበት ይቆይና «አውቶቫኪዩም» የተባለው በራሱ የሚነሳ ጽዳት ቦታውን ለአዲስ ረድፍ ያመቻቸዋል እንጂ በአብዛኛው ለዲስኩ አይመልሰውም። በመነሻ ቅንብሩ አውቶቫኪዩም የሚነሳው ከሠንጠረዡ 20 በመቶና 50 ረድፍ ሲሞት ነው፤ ይህም 2 ሚሊዮን ረድፍ ላለው ሠንጠረዥ ከ400,000 በላይ የሞተ ረድፍ ማለት ስለሆነ ለትልልቅ ሠንጠረዦች ወደ 2 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይመከራል። «ቫኪዩም ፉል» ቦታውን ለዲስኩ ይመልሳል፤ ነገር ግን እስኪጨርስ ድረስ ሠንጠረዡን ለንባብ እንኳ ስለሚዘጋ ለእሑድ ይተው።

የሜሞሪ ቅንብሩን ምን ያህል እናድርገው?

ዳታቤዙ ያነበበውን ዳታ የሚይዝበት የራም ድርሻ፣ «ሼርድ በፈርስ»፣ 128 ሜጋባይት ሆኖ ይመጣል፤ ሰርቨሩ ለዳታቤዙ ብቻ ከሆነ ከራሙ ሩብ ያህሉ ጥሩ መነሻ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው 4 ሜጋባይት ሆኖ የሚመጣው «ወርክ ሜም» ነው፤ ይህ መጠን ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሳይሆን በኩዌሪው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ድርደራና ሃሽ የሚሰጥ ነው። ሪፖርት ለማፍጠን 256 ሜጋባይት ተደርጎ 60 ሰዎች ሁለት ሁለት ድርደራ ቢጠይቁ 30 ጊጋባይት ራም ይፈለጋል። ሪፖርት ለሚያወጣው ተጠቃሚ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል። ፍጥነት ለመጨመር «ኤፍሲንክ»ን ብንዘጋስ?

በፍጹም። ፖስትግሬስኪውኤል ማንኛውንም ለውጥ ከሁሉ አስቀድሞ «ዋል» በተባለው መዝገብ ላይ ጽፎ ዲስኩ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፤ መብራት ተመልሶ ሲነሳ ከዚያ መዝገብ አንብቦ ራሱን ይጠግናል። «ኤፍሲንክ» ከተዘጋ ይህ ዋስትና የለም፤ ዳታቤዙ ጨርሶ ሊበላሽ ይችላል። ፍጥነት የግድ ከተፈለገ «ሲንክሮነስ ኮሚት»ን መዝጋት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ መብራት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሽያጮች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ዳታቤዙ ግን አይበላሽም። ለገንዘብ መዝገብ ይህንንም አንመክርም። ዩፒኤሱ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ በገመድ መገናኘት አለበት፤ አለበለዚያ ጥቅሙ ውድቀቱን በ20 ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ይሆናል።

ባክአፕን በተመለከተ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የራሱን ስሕተት ቢናገር ይሻላል። በየሌሊቱ «ፒጂ ዳምፕ» የተባለውን የባክአፕ መሣሪያ የሚያካሂድ ስክሪፕት ጽፎ ነበር፤ ስክሪፕቱም ሁልጊዜ ጠዋት «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ይልካል። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ለሦስት ሳምንት ሲቀመጡ የነበሩት ፋይሎች ባዶ እንደነበሩ የታወቀው ፋይል በተፈለገ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ባክአፕ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይጫናል፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥርም ከወረቀቱ ጥራዝ ጋር ይመሳከራል።

አዲስ ሰርቨር በእርግጥ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከባዶቹ ኩዌሪዎች ትክክለኛ ዕቅድ ይዘው ሳለ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» ከ«በፈርስ» ጋር ሲካሄድ «ሪድ» የሚለው ቁጥር (ከ«ሼርድ በፈርስ» ውጭ የተነበበው) ደጋግሞ ከ«ሂት» (እዚያው ከተገኘው) የሚበልጥ ከሆነ፣ በሥራ ላይ ያለው ዳታ ራም ውስጥ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ በቅድሚያ ራም ይጨመር፤ የሚሽከረከር ዲስክ ካለ ደግሞ መብራት ሲቋረጥ መረጃ የማይጥል ኤስኤስዲ ይተካው። ኤስኤስዲው ከተገጠመ በኋላ ከዲስክ እዚህም እዚያም ማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ ለዳታቤዙ የሚነግረው «ራንደም ፔጅ ኮስት» ከመነሻው 4 ወደ 1.1 አካባቢ ዝቅ ካልተደረገ ዳታቤዙ ገና በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለ እየመሰለው ከኢንዴክስ ይሸሻል።